የዶሮ ጩኸት ዕድሜ፦ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ልሳናት የሌሊት ማብቂያ ስሞች ታሪክ

የሥነ ልሳን ተመራማሪዎች ወደ መስክ ይዘውት የሚወጡት ባለ 100 ቃል የስዋዴሽ ዝርዝር «ወፍ»ን ይጠይቃል፤ «ሌሊት»ንም ይጠይቃል። በሌሊት ስለሚጮኹ አእዋፍም ሆነ በድምፃቸው ስለሚከፈለው የሌሊት ክፍል ግን ምንም አይጠይቅም። ጥያቄው ሳይነሣ ሲቀር መልሱም አይመዘገብም። ስለዚህ በአካባቢው ልሳናት ላይ የተዘጋጁ ብዙ የቃላት ስብስቦች አራትና አምስት የተለያዩ የሌሊት ማብቂያ ስያሜዎችን «ንጋት» በሚል አንድ ፍቺ ይደመድማሉ። ዶሮ ሲጮህ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሲነጋጋ፦ እነዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ቅጽበት አይደሉም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አንድ መንገደኛ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊጓዝ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ነጥብ ይህ ነው። የአካባቢው ልሳናት ለሌሊት ማብቂያ ያላቸው ስያሜ በሁለት ንብርብር የተሠራ ነው። አንደኛው የብርሃን ንብርብር ሲሆን ከየቤተሰቡ ጥንታዊ ሥር የተወረሰ ነው። ሁለተኛው የድምፅ ንብርብር ነው፤ በውስጡም ዋነኛውን ስፍራ የያዘው ዶሮ ከሩቅ አገር የመጣ እንስሳ ስለሆነ፣ በእርሱ ስም የተሰየመ የሌሊት ክፍል ሁሉ ከእንስሳው መምጣት በኋላ የተፈጠረ መሆን አለበት። ቋንቋ ውስጥ የመነሻ ጊዜው ሊገመት የሚችል የጊዜ ቃል ማግኘት ብርቅ ነው። የዶሮ ጩኸት እንዲህ ያለ ቃል ነው።

ብርሃንና ድምፅ

አማርኛ «ነጋ» ሲል ባለቤት አይፈልግም። ማን ነጋ ተብሎ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም መልሱ «ሌሊቱ» ወይም «ቀኑ» ከማለት አያልፍም። ቃሉ ከግዕዙ «ነግሀ» የወረደ ነው። ትግርኛ በጎን «ወግሐ» አለው፤ ከእርሱም «ወጋሕታ» የሚለውን ስም ያወጣል፤ የአማርኛው «ወጋገን»ም የዚሁ ዘመድ ይመስላል። በኦሮምኛ «ባርኤ» ሲባል ባለቤት ሆኖ የሚገባው «ላፋ» (ምድር) ነው። የሶማሊኛው «ዋበሪ» ከዚሁ ከ«ባሪ» ሥር ጋር የሚገናኝ ሲሆን፣ ይህም የምሥራቅ ኩሽ ልሳናት የጋራ ውርስ መሆኑን ያሳያል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ስዋሂሊ «ኩመኩቻ» ይላል፤ በዚህም ባለቤቱ ሰው ወይም ነገር ሳይሆን «ኩ» የተባለው የስፍራ መደብ ምልክት ነው። ሴም፣ ኩሽና ባንቱ በዘር የማይገናኙበት ጉዳይ ላይ በአሠራር ይገናኛሉ፦ የብርሃን ንብርብር ግሥ ነው፤ አድራጊ የለውም፤ ካለውም አድራጊው ምድር ወይም ሌሊት ነው።

የድምፅ ንብርብር ሌላ ዓይነት ነው። በዚህ አድራጊ አለ፤ አድራጊውም ስም፣ ላባና ጎረቤት አለው። «ዶሮ ሲጮህ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር አዘል ሐረግ ነው። በጊዜ ብዛት ሐረጉ ተጨምቆ «ዶሮ ጩኸት» የሚል ጥምር ስም ይሆናል፤ «በዶሮ ጩኸት ተነሣ» ሲባል ማንም የትኛው ዶሮ ብሎ አይጠይቅም። የእገሌ ዶሮ ቢታረድም የዶሮ ጩኸት በሰዓቱ ይመጣል። ጥምረቱ እንደ «ማታ» ወይም እንደ «ማለዳ» ያለ የጊዜ ስም ሆኗል ማለት ነው። «ወፍ ሲንጫጫ» ግን እስከ ዛሬ ሐረግ ሆኖ ቀርቷል። «ወፍ ጫጫታ» የሚል የጊዜ ስም በአማርኛ አልጸናም። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የተፈጠረ አይመስልም፤ የወፎች ጫጫታ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ብርሃኑን የሚጠራ ቃል እያለ የጫጫታው ስም ብዙ አያስፈልግም። ዶሮ ግን የሚጮኸው ገና ጨለማ ሳለ ነው። ዓይን ምንም በማያይበት ሰዓት ጊዜን የሚያመለክት ሌላ ነገር በቤት ውስጥ አልነበረም።

በአማርኛ የብርሃኑ ንብርብር ራሱ የረቀቀ ነው። «ሲነጋ» እና «ሲነጋጋ» ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ፊደሉን ደግሞ ሂደቱ ገና በጅምር ላይ መሆኑን ይነግራል፤ የምሽቱ አቻው «ሲመሻሽ» ነው። «ጎህ ሲቀድ» ደግሞ ጨለማን እንደ ጨርቅ ይቀዳል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ባዕድ ቃል መፍታት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀላል ነው፤ ለአንባቢው ግን ኪሳራ ነው።

ዶሮው የመጣበት ዘመን

ዶሮ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። የዱር ዝርያው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የአጥንት ጥናት እስካሁን ከታወቁት ርግጠኛ የለማዳ ዶሮ አጥንቶች ጥንታዊዎቹን በማዕከላዊ ታይላንድ ባን ኖን ዋት ከተባለ ስፍራ አግኝቶ፣ ዘመናቸውን ከ1650 እስከ 1250 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጧል። ከዚያ በኋላ ዶሮው በየብስና በባሕር ወደ ምዕራብ ተጉዟል።

ለአፍሪካ ቀንድ ወሳኙ ማስረጃ የተገኘው በምሥራቅ ትግራይ፣ በጉሎ መኸዳ አካባቢ በሚገኘው በመዝብር ነው። መዝብር ከአክሱም ዘመን በፊት የነበረ የገበሬዎች መንደር ነው፤ ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ መቅደስ አይደለም። ሕልና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ከዚያ የተገኙትን የዶሮ አጥንቶች በ1ኛው ሺህ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የመጀመሪያ አጋማሽ ያስቀምጣቸዋል። ይህም በወቅቱ ከግብፅ ውጭ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ የቀደመ ነበር። የሥነ ልሳን አንባቢ ከዚህ የሚወስደው አንድ ቀላል ነገር አለ፦ በደጋው ላይ የዶሮ ጩኸት ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ግን ሊሰጠው አይገባም።

ቃሉም ይህንኑ ይመሰክራል። ግዕዝ ለውሻ «ከልብ» ሲል ቃሉን ከአረብኛ፣ ከዕብራይስጥና ከአካድኛ ጋር ይጋራል። ለዶሮ ግን የጋራ ሴማዊ ቃል የለም። አካድኛ «ታርሉጋሉ» ብሎ ከሱመርኛ ተዋሰ፤ ዕብራይስጥ ያንኑ ተቀብሎ «ታርነጎል» አለ፤ አረብኛ «ዲክ» እና «ደጃጅ» ይላል፤ ግዕዝ ደግሞ «ዶርሆ»። እያንዳንዱ ለእንግዳው እንስሳ የየራሱን ስም ፈልጓል። ዶርሆ በሰሜኑ የአፍሪካ ቀንድ ዘመድ ብዙ ነው፦ ትግርኛ ደርሆ፣ አማርኛ ዶሮ፣ ብሊን ድርዋ፣ አፋርኛ ዶርሆይታ፣ ሶማሊኛ ዶሮ። በእነዚህ መካከል ያለው የድምፅ ግንኙነት ግን ከአንድ እናት የወረዱ ቃላት የሚያሳዩት ዓይነት አይደለም። በግዕዝ «ሀ» የሆነው በብሊን «ወ» ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልውውጥ በሁለቱ ልሳናት መካከል መደበኛ ደንብ የለውም። ቃሉ እንደ እንስሳው ከመንደር ወደ መንደር በእጅ የዞረ ተጓዥ ቃል ነው ብሎ መውሰድ የተሻለ ነው። ሴም ከአገው ወሰደ፣ አገው ከሴም ወሰደ የሚለው የቆየ ክርክር ቃሉ የግድ ከሁለቱ የአንዱ ንብረት መሆን አለበት ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ግምቱ ሲነሣ ክርክሩም አብሮ ይላላል።

ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ ስሞቹ ይበታተናሉ። ኦሮምኛ እንደየአካባቢው ሉኩ ወይም ሀንዳቆ ይላል፤ ሲዳምኛ ሉኪቾ፣ ሐረሪ አታዋቅ፣ ቸሃ ኩታራ፣ ዎላይትኛ ኩቶ፤ ስዋሂሊ ኩኩ። ኬይ ዊሊያምሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ጥናታቸው የአፍሪካን የዶሮ ስሞች በመሰብሰብ የእንስሳውን ጉዞ በቃል ለመከታተል ሞክረዋል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት። ኩ፣ ኮ፣ ኩኩ የመሳሰሉት ድምፆች ከእንስሳው ጉሮሮ የተወሰዱ ስለሆኑ ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሕዝቦች ለየብቻቸው ሊፈጥሯቸው ይችላሉ። ዶርሆ የድምፅ ምሳሌ ስላልሆነ ጉዞን ለመከታተል ከኩኩ ይልቅ ይታመናል።

ነቀወ፣ ጮኸ፣ ኩኩሉ አለ

ግዕዝ ለዶሮ ድምፅ የተለየ ግሥ አለው፦ «ነቀወ»። ለሌሎች እንስሳት ድምፅም ያገለግላል፤ ለሰው ንግግር ግን አይሆንም። ከእርሱ የወጣው «ንቃው» ከዶርሆ ጋር ተናቦ «ንቃወ ዶርሆ» ይሆናል። ይህ ጥምረት በጽሑፍ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የወንጌል ትርጉም ነው። አራቱም ወንጌላት የጴጥሮስን ክህደት ከዶሮ ጩኸት ጋር ያያይዛሉ፤ ማርቆስ ብቻ ዶሮው ሁለት ጊዜ እንደሚጮህ ይናገራል። ይኸው ማርቆስ በምዕራፍ 13 ቁጥር 35 ሌሊቱን በአራት ይከፍላል፦ ማታ፣ እኩለ ሌሊት፣ የዶሮ ጩኸትና ጧት። የግሪኩ ቃል «አሌክቶሮፎኒያ» አንድ ጥምር ስም ሲሆን የሮማውያንን የሌሊት ዘብ ሦስተኛ ክፍል ያመለክታል። ላቲንም ለዚሁ «ጋሊኪኒዩም» ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ238 የጻፈው ኬንሶሪኑስ ከዚያ ቀጥሎ ዶሮዎች ዝም የሚሉበትን ጊዜ እንኳ ለብቻው ስም ሰጥቶ ይመዘግባል።

ወንጌል ወደ ግዕዝ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ለዚህ ባዕድ የዘብ ሥርዓት አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለጋቸውም። ዶሮው በደጋው መንደር ከሺህ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሲጮህ ኖሯል። ንቃወ ዶርሆ ከግሪክ ተገልብጦ የገባ ሐረግ ነው የሚለው አስተያየት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፤ ስዋሂሊም፣ ላቲንም፣ አማርኛም ወደ ተመሳሳይ ስያሜ በየራሳቸው መንገድ ሊደርሱ ከቻሉ ግዕዝን ብቻ ተበዳሪ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ከግሪክ የተወሰደው ነገር ካለ ቃሉ ሳይሆን የቃሉ ደረጃ ነው፦ የቤት ቃል የሥርዓት ቃል ሆነ። በሲኖዶስ የቀኖና መጽሐፍ ከተደነገጉት የጸሎት ጊዜያት መካከል ዶሮ የሚጮህበት ሰዓት ይገኛል። በዚህ መንገድ የገበሬው ሰዓት የካህኑም ሰዓት ሆኗል።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው፣ በጥንታዊ ጽሑፍ «ዶሮ ሲጮህ» የሚል ሲገኝ በማርቆስ አከፋፈል ጧት ከዶሮ ጩኸት የተለየ፣ የሚከተለውም ክፍል መሆኑን ነው። ሐረጉን «ጎህ ሲቀድ» ብሎ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ከሌሊቱ አንድ ሙሉ ክፍል ያጠፋል። በዶሮ ጩኸት ከሰፈሩ ተነሣ የተባለ ሠራዊት በጨለማ የተነሣ ሠራዊት ነው፤ በንጋት ተነሣ ሲባል ግን ጠላቱ ሊያየው የሚችል ሠራዊት ይሆናል።

«ነቀወ» በትግርኛ እስከ ዛሬ ለዶሮ ያገለግላል። አማርኛ ግን ጥሎታል። ለምን? አንዱ ምክንያት ከጉሮሮ ድምፆች መጥፋት ጋር የሚያያዝ ይመስላል። ግዕዝ «ነቅሀ» (ከእንቅልፍ ተነሣ) እና «ነቅዐ» (ተሰነጠቀ) የሚሉ ሁለት ግሦች አሉት። በአማርኛ «ሀ»ና «ዐ» ሲወድቁ ሁለቱም «ነቃ» ሆኑ፤ ሰውም ይነቃል፣ ብርጭቆም ይነቃል። በዚህ በተጣበበ ስፍራ ላይ የዶሮው «ነቀወ» ሦስተኛ ሆኖ ቢቆይ ከቀሪዎቹ ጋር በብዙ እርባታው መጋጨቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ለሰውም፣ ለመሣሪያም፣ ለአራዊትም የሚሆነው «ጮኸ» ስፍራውን ወሰደ። ውጤቱ አንድ የሕዝብ ሥርወ ቃል ነው፦ አንዳንድ አንባቢዎች ግዕዙን «ንቃወ ዶርሆ» ሲያገኙ «የዶሮ መንቃት» ብለው ይተረጉሙታል። ስሕተቱ ውብ ነው፤ ዶሮው ሲነቃ ሰውን ስለሚያነቃ ትርጉሙ ይሰምራል። ሥሩ ግን ሌላ ነው።

አማርኛ የጣለውን ልዩ ግሥ በሌላ መንገድ ተክቶታል። አውራ ዶሮ «ኩኩሉ» ይላል፤ «አለ» ድምፅን ከሚመስለው ቃል ጋር ተጣምሮ ግሥ ይሆናል። ይኸው ድምፅ በልጆች የድብብቆሽ ጨዋታ ውስጥ ይገኛል። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ በዶሮው ድምፅ ይጠይቃል፤ የሚደበቁት ገና አለመንጋቱን ይመልሱለታል፤ ነጋ ሲሉት ፍለጋ ይጀምራል። ጨዋታው የሁለቱን ንብርብሮች ሥርዓት ሳያዛንፍ ይዟል። ዶሮው በጨለማ ይጮኻል፤ ብርሃኑ ኋላ ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለሚደበቅ ሰው የሚበቃ ያህል ነው። ይህን የመሰለ ማስረጃ በመዝገበ ቃላት ከሚገኘው የአንድ መስመር ፍቺ ይበልጣል።

አንደኛው ዶሮ

ስዋሂሊ ለዶሮ ጩኸት ብቻ የሚውል «ዊካ» የሚል ግሥ አለው፤ የሌሊቱንም መጨረሻ በዶሮ ቁጥር ይለካል። «ጆጎ ላ ክዋንዛ»፣ አንደኛው አውራ ዶሮ፣ በተለምዶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው፤ «ጆጎ ላ ፒሊ»፣ ሁለተኛው፣ ወደ ንጋት ይቀርባል። እስላማዊው «አልፋጂሪ» ከዚያ ይከተላል። ስዋሂሊ ሰዓትን እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ሁለቱ ልሳናት በዚህ ያለ ስሌት ይግባባሉ።

በሐረጉ ውስጥ ያለው «ላ» የሰዋስው ሊቃውንትን ያማልላል። በመደበኛው ስዋሂሊ ሕይወት ያለው ነገር በሰው መደብ ስለሚስማማ «ጆጎ ዋ ክዋንዛ» መባል ነበረበት። «ላ» የመጣው እንስሳው ወደ ሰዓትነት ስለተለወጠ፣ ሕይወት ስለሌለው ነው ብሎ መደምደም ያጓጓል። ነገር ግን የገጠር አውራ ዶሮ በከተማ አይጮኽም የሚለው የታወቀ የስዋሂሊ ምሳሌያዊ አነጋገር ሕይወት ላለው ዶሮም ያንኑ የአምስተኛ መደብ ስምምነት ይጠቀማል። ስለዚህ «ላ» የሚያሳየው የጸና ሐረግ መሆኑን ነው፤ ሰዓት መሆኑን አይደለም። በአማርኛ «አንደኛው ዶሮ ጮኸ» ሲባል የቁጥሩ አገባብ እንዲህ ያለ ምልክት ስለማይሰጥ ትርጉሙ ከአውዱ ብቻ ይታወቃል፤ የዶሮው ቁጥር ነው ወይስ የሰዓቱ?

ዶሮ በእርግጥ ሰዓት ነውን? ጥያቄው ለቃሉ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ያልተስተካከለ ልማድ የጊዜ ስም ሊሆን አይችልምና። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሺሙራና ዮሺሙራ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሙከራ አውራ ዶሮዎች መብራት ከመብራቱ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድመው መጮህ እንደሚጀምሩ፣ በማይለወጥ ደብዛዛ ብርሃን ሲቀመጡም የቀኑን ዑደት ጠብቀው እንደሚጮኹ አሳዩ። ብርሃንን አይተው ሳይሆን በውስጣቸው ያለ ሰዓት ቀስቅሷቸው ነው። በ2015 በተከተለው ጥናት ደግሞ በአንድ መንጋ ውስጥ በማዕረግ የበላይ የሆነው አውራ ዶሮ ቀድሞ እንደሚጮህ፣ ሌሎቹ በየማዕረጋቸው እንደሚከተሉት ተገለጸ። በመንደር ሌሊት ከአንድ ጥግ የሚጀምረው ድምፅ እየተቀባበለ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ኬክሮስም ይረዳል። በአዲስ አበባ የፀሐይ መውጫ በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ በናይሮቢ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ። በለንደን ግን በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ከአራት ሰዓት ያልፋል። ንጋቱን ተከትሎ የሚጮህ ዶሮ በሰሜን አውሮፓ በሰኔ አንድ ሰዓት ይነግራል፣ በታኅሣሥ ሌላ። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት ይጮኻል። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ «አንደኛው ዶሮ» ከመካኒካል ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ሲኖር አላፈረም፤ በቁጥር ሊተረጎም የቻለውም ቋሚ ስለሆነ ነው። ይህን ባለማጤን የዶሮ ጩኸትን «ግምታዊ የገጠር አነጋገር» ብለው የሚያልፉ የቃላት ስብስቦች አሉ። ግምታዊነቱ የመጣው ከመዝጋቢው ነው።

ዶሮ የሌለበት ሌሊት

የዶሮ ሰዓት የገበሬ ሰዓት ነው። በአፍሪካ ቀንድ ቆላ የሚንቀሳቀሱ ብዙ አርብቶ አደሮች በልማድ ዶሮ አያረቡም ነበር፤ ሥጋውንም ይጸየፋሉ። ፍሬድሪክ ሲሙንስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው የምግብ ክልከላዎች ጥናት ለዚህ ሰፊ ስፍራ ሰጥቶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዶሮ ከግመል ጋር ረጅም ጉዞ አይሄድም። በእነዚህ ማኅበረሰቦች ሌሊት የሚለካው በከዋክብት ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የቦረና የዘመን አቆጣጠር ጨረቃንና ከዋክብትን የሚያጣምር ነው፤ ሙሴ ጋላል የመዘገበው የሶማሊ አርብቶ አደሮች ዕውቀትም እንዲሁ።

ከዚህ የሚወጣ ሊፈተን የሚችል ሐሳብ አለ። አንድ ልሳን የዶሮ ጩኸትን እንደ ጸና የጊዜ ስም ከያዘ ተናጋሪዎቹ ስያሜው ሲፈጠር በአንድ ስፍራ የረጉ ነበሩ። ሶማሊኛ «ዶሮ» የሚለውን ቃል ሲያውቅ የሌሊቱን መጨረሻ ግን በብርሃን ስም «ዋበሪ» ማለቱ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ እንስሳውን ከነስሙ ተቀብሎ ሰዓቱን አልተቀበለም። በአንጻሩ በኦሮምኛ ዶሮ ስትጮህ የሚለው አነጋገር በእርሻ ቀበሌዎች የተለመደ ነው፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ሌሊት ምን ያህል እንደሚለያይ ቀበሌ ከቀበሌ ማነጻጸር የሚቻለው እዚህ ነው።

የዱር አእዋፍስ? በደጋው የከተማ አትክልት ስፍራዎች ሳይቀር፣ ስሙ ከጀርመናዊው ተጓዥ ከሩፔል የተያያዘው ባለ ነጭ ቅንድብና ብርቱካንማ ደረት ወፍ ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ይዘምራል፤ የሌሎችንም ወፎች ዜማ ይቀዳል። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ከሰበሰባቸው አእዋፍ ብዙዎቹ በሳይንስ ስማቸው ዛሬም ይጠራሉ። በአማርኛ ግን የዚህ ዓይነት ትንንሽ ዘማሪዎች በአብዛኛው «ወፍ» በሚለው ጥቅል ስም ይታለፋሉ። የሌሊት ድምፅ ያለው ወፍ ስም የሚያገኘው ድምፁ ጥቅም ወይም ፍርሃት ሲያመጣ ነው። ጉጉት ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ግዕዝ «ጉጓ»፣ ትግርኛ «ጉንጓ»፣ አማርኛ «ጉጉት»፣ ሦስቱም ድምፁን ይዘዋል፤ ሰውም ድምፁን እንደ ክፉ ምልክት ይሰማዋል። «የሌሊት ወፍ» የተባለው ስም ደግሞ ወፍ ላልሆነ፣ ለማይዘምርም እንስሳ መሰጠቱ ከቋንቋ ቀልዶች አንዱ ነው።

በጫጩቶች ሳይሆን በከብቶች መካከል የሚያድር፣ በመንገድ ላይ የሚቀመጥ፣ ዓይኑ በመኪና መብራት የሚያበራ ሌላ የሌሊት ወፍ ወገን አለ። የላቲን ስሙ «ካፕሪሙልጉስ» ፍየል አላቢ ማለት ነው። ከዚህ ወገን አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ በነጭ ሳር እ.ኤ.አ. በ1990 በመንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ የተወሰደው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ሳይንሳዊ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም ተሰጠው። የዚህን ወገን ወፎች በመልክ ለይቶ ማወቅ እጅግ ስለሚያስቸግር የአእዋፍ አጥኚዎች የሚተማመኑት በድምፅ ነው፤ ይህ ዝርያ ደግሞ በክንፍ ብቻ ወደ መዝገብ ገባ። በዚያ አካባቢ ሌሊት ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ቃላት ውስጥ በድምፅ የሚለዩ ስሞችን መጠየቅ ለሥነ አእዋፍም ለሥነ ልሳንም አንድ ሥራ ነው።

አጠያየቁ ግን መለወጥ አለበት። ተናጋሪን በቀን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ንጋት በቋንቋችሁ ምን ይባላል?» ማለት አንድ ቃል ብቻ ያስገኛል። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚሰማውንና የሚታየውን በቅደም ተከተል እንዲተርክ መጠየቅ፣ ቢቻል ደግሞ በዚያው ሰዓት ከእርሱ ጋር መንቃት፣ ሰንሰለቱን በሙሉ ያወጣዋል። ለዚህ የሚሆን ሰፊ መረጃ በየቤተ መዛግብቱ አስቀድሞ ተቀምጧል። ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት በመንደር የተቀዱ የተረትና የታሪክ ካሴቶች በጀርባቸው የዶሮ ድምፅ ይሰማባቸዋል። ወደ ዲጂታል ሲገለበጡ ያ ድምፅ እንደ ጫጫታ ተቆጥሮ በማጣሪያ ሊወገድ ይችላል፤ የቀረጻው ሰዓት ያልተጻፈበት ካሴት ላይ ግን ሰዓቱን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው።